ከፊት፣ በቀኝ በኩል የሚጮኸው

ሀረገወይን መኪና መንዳት የጀመረችው በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት ዓመታት ሙሉ ዕቁብ ስትጥል ኖራለች። ሁለት ጊዜ ደርሷት ሁለቱንም ለልጆቿ ትምህርት አዋለችው። በሦስተኛው አሮጌ ቪትዝ ገዛች፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ አቆመችውና ሦስት ቀን ሙሉ በመስኮት ስታየው ሰነበተች።

ባሏ ሸዋንግዛው ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። መንዳት አይችልም። ሆኖም ጠዋት ጠዋት ከጎኗ ተቀምጦ ሜክሲኮ፣ መሥሪያ ቤቷ በር ድረስ ይሸኛትና በእግሩ ይመለሳል።

«ምን አለፋህ? ተኛ እንጂ» ትለዋለች።

«አብሬሽ ልሁን ብዬ ነዋ» ይላል፣ ቀበቶውን ሁለት ጊዜ እየፈተሸ።

ጩኸቱን የሰማችው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ሰንጋ ተራ አካባቢ አንድ ሚኒባስ ፊቷ ድንገት ቆመ። ፍሬን ያዘች። መኪናው ሲጥጥጥ አለ። ቀጭን፣ ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ነበር።

«ሰማህ?»

«ምኑን?» አለ ሸዋንግዛው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ፍሬኑን ነዋ! ከፊት ነው፣ በቀኝ በኩል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍሬን በያዘች ቁጥር ጮኸ። የሥራ ባልደረባዋ ስህን ወሬውን እንደሰማች ፈረደች።

«የፍሬን ሸራው አልቋል። አሁን ካልቀየርሽው ዲስኩን ይበላዋል፤ ያኔ ወጪው ሌላ ነው።»

ሸዋንግዛው ከሜክሲኮ ሲመለስ መለዋወጫ ሱቆች እየገባ ዋጋ መጠየቅ ጀመረ። የኦርጅናሉ ሸራ ዋጋ የቻይናውን ሦስት እጥፍ ነበር።

«ኦርጅናሉን እንግዛ» አለ። «በፍሬን አይቀለድም።»

ሀረገወይን ባሏን ትክ ብላ አየችው። ካልሲ እንኳ ሳይከራከር ገዝቶ አያውቅም።

መጀመሪያ የሄዱት ከሰፈራቸው ጀርባ፣ ላስቲክ ወጥሮ ከሚሠራው መካኒክ ከማኑ ዘንድ ነው። ማኑ የፊት ቀኙን ጎማ ፈታ፣ አየ፣ መልሶ አሰረ።

«እትዬ፣ ገና ግማሹ አለ። ስድስት ወር ያስኬድዎታል። ገንዘብዎን ይያዙ።»

ሀረገወይን ገንዘብ አልፈልግም የሚል መካኒክ አይታ አታውቅም። ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይ ሌላ ነገር ሊሰርቃት ነው። ከመውጣቷ በፊት መኪናውን ዞራ የጎማዎቹን ክዳኖች ቆጠረች። አራቱም አሉ። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አሳሰባት።

በማግስቱ ተመልሳ በግድ የቻይናውን አስገጠመችው። ሦስት መቶ ሜትር ሳይሄዱ ጮኸ።

«ብዬሽ ነበር፣ ኦርጅናሉን» አለ ሸዋንግዛው።

ኦርጅናሉን ለማስገጠም ትልቅ ጋራዥ ሄዱ፤ ሠራተኞቹ ንጹሕ ቱታ የለበሱበት፣ ደንበኛ በወንበር የሚጠብቅበት። ሲያበቃ ቱታ ለባሹ ብቻውን ነድቶ ዞሮ መጣ። «ጸጥ ያለ ነው» አለ። ባልና ሚስቱ ተሳፍረው ወጡ። የመጀመሪያው የትራፊክ መብራት ላይ ሲጥጥጥ አለ።

ሀረገወይን እዚያው ጠምዝዛ ተመለሰች። «ኦርጅናል ነው ብላችሁ ሸወዳችሁኝ!»

ቱታ ለባሹ እንደገና ብቻውን ነዳው። ምንም የለም። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነዳው። ምንም የለም። በልጆቹ ማለ። ሀረገወይን አላመነችውም። እንዲያውም መካኒኮች መኪናን ዝም የሚያሰኝ አንድ ነገር አላቸው፣ ባለቤቱ ሲመጣ ያነሱታል ብላ ጠረጠረች።

ሁለት ወር አለፈ። ሸዋንግዛው ከሳ። ሀረገወይን እግረኛ ባየች ቁጥር እጇን ያልባት ጀመር። አንድ ምሽት ራት ሳትቀምስ ተነሣች።

«እሸጠዋለሁ። እሑድ ገዢ ይመጣል። ፍሬኑ ችግር እንዳለበትም እነግረዋለሁ፤ በሰው ነፍስ አልጫወትም።» ዕንባዋ መጣ። «ስንት ዓመት ለፍቼበት!»

«አይዞሽ ሀረግዬ» አለ ሸዋንግዛው። «እንደ ድሮው በታክሲ ትሄጃለሽ።» ወጡን ጨምሮ በላ። ከመኪናው መገዛት ወዲህ እንዲህ ሲበላ አላየችውም።

ቅዳሜ ጠዋት ስህን ደወለች። ጂራታ የሚባል መካኒክ አለ፣ ስልሳ ዓመት አልፎታል፣ መኪና በጆሮው ነው የሚያክመው፤ ከመሸጥሽ በፊት አሳዪው አለቻት። ሀረገወይን ተስፋ ባይኖራትም ሄደች። ሸዋንግዛው ግን ቅር እያለው አብሯት ሄደ።

«ነገ ልትሸጪው አይደል? ምን ያደርግልሻል?»

ጂራታ መኪናውን በክሪክ አላነሣም፣ ጎማም አልፈታም።

«መጀመሪያ ልስማው። እርስዎ ይንዱ። ጋሼም በቦታቸው ይቀመጡ፤ ሁሌ እንደምትሄዱት ይሁን።»

እሱ ከኋላ ገባና ጆሮውን ወደ ወለሉ ዘንበል አደረገ። ልደታ ማርያም ጋ ሲደርሱ ነጠላ የለበሱ ምእመናን መንገድ ያቋርጡ ነበር። ሀረገወይን ፍሬን ያዘች። ሲጥጥጥ።

«ሰሙልኝ?» አለች፣ ልታለቅስ ደርሳ።

«ሰምቻለሁ። ይንዱ።»

ወረድ ብለው ደግማ ያዘች። ሲጥጥጥ። ጂራታ ጆሮውን ከወለሉ አነሣ። በሦስተኛው በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል አንገቱን አሰገገ። በአራተኛው ዓይኑን ጨፈነ። በአምስተኛው ገለጠው።

«ዳር ይዘው ይቁሙ» አለ።

ሀረገወይን ቆመች። መሪውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ፍርዱን ጠበቀች። «ንገሩኝ በቃ። ምኑ ነው የሚቀየረው?»

ጂራታ ጥቂት አሰበ። ከዚያ የሸዋንግዛውን ትከሻ በአክብሮት ነካ አደረገ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እስቲ አፍዎን ከፍተው ይቀመጡ፣ አንድ ጊዜ እንሞክረው።»