እያማተቡ ይለፉ

«አይውረዱ ጋሼ! እየነዱ ያማትቡና ይለፉ!»

ከሰልፉ መጨረሻ ሆኜ ነው የምጮኸው። የብስክሌት ክለባችን የጥንቃቄ ኃላፊ እኔ ነኝ፤ ድምፄም ለዚሁ የተፈጠረ ነው ይሉኛል። ከፊቴ የሚነዱት ጋሽ ተገኘ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በበቅሎ የሄዱ ሰው ስለሆኑ፣ ቤተ ክርስቲያን ባዩ ቁጥር ባለባትሪ ብስክሌታቸውን ድንገት ቀጥ አድርገው ይወርዳሉ። ተሳልመው፣ ሰግደው፣ ቀስ ብለው ደግሞ ይወጣሉ። ከመሐል ሜዳ ከተነሳን ጀምሮ ስንቴ ከኋላቸው ከመላተም ለጥቂት ተረፍኩ። በመንዝ መንገድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን መች ያልቃል!

ቅድም ውሃ ለመጠጣት ስንቆም ሰው ሁሉ እየሰማ ተቆጣኋቸው።

«በበቅሎ ሳለሁ እንኳ ማርያምን ከላይ ሆኜ አልፌ አላውቅም፣ መሲዬ» አሉኝ።

«እሱ በቅሎ ነው፣ ይሄ ሞተር ነው! ድንገት መቆም ክልክል ነው አልኩ፣ ክልክል ነው!»

ከክለባችን ልጆች አንዷ፣ ኮከብ፣ «ሁላችንም አብረን ብንወርድስ? ምን አለበት?» ብትል እሷንም ገላመጥኳት። በየደጁ እየወረድን ሞላሌ መቼ ልንደርስ ነው? ጋሽ ተገኘ አንገታቸውን ደፋ አድርገው «እሺ፣ አንቺ ካልሽ» አሉ። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ከሰው ጋር የሚውሉት እሑድ እሑድ በዚች ብስክሌት ነው። እንዳላስቀራቸው ፈርተው እንደሆነ ገብቶኛል። ገብቶኝም ዝም አልኩ።

አሁን ማርያም በር ላይ ደርሰናል፤ መንገዱ ቁልቁለት ነው። እሺ ብለዋልና አይወርዱም። ቀኝ እጃቸውን ከመሪው አንስተው ወደ ግንባራቸው ይወስዳሉ። እግራቸው ግን ፔዳሉን አልተወም፤ ፔዳሉ እስከዞረ ድረስ ሞተሩ ይገፋል። ብስክሌቷ ስትፈጥንባቸው ይደነግጡና በቀረቻቸው ግራ እጅ የፊቱን ፍሬን ጨምድደው ይይዛሉ። የፊቱ ጎማ ቀጥ ይላል። ጋሽ ተገኘ በመሪው ላይ ተወርውረው ጠጠሩ ላይ ይወድቃሉ።

በአንድ እጅ አይነዳም። የክለባችን የመጀመሪያ ደንብ ነው፤ እሑድ ከመነሳታችን በፊት ሁልጊዜ የማነበንበው እኔው ነኝ።

ብስክሌቴን ጥዬ እሮጣለሁ። ሄልሜታቸው ተሰንጥቋል፣ ጭንቅላታቸው ግን ደህና ነው፤ ያውቁኛል፣ ይናገራሉ። ቀኝ ክንዳቸው ከክርናቸው በታች ጠሟል። አይቼ ዓይኔን አሸሻለሁ።

ሰንበቴ ላይ የነበሩት ሰዎች ከቅጥሩ ግር ብለው ይወጣሉ።

«እኚህን ሰው በስተርጅና እዚህ ብረት ላይ ያወጣቸው ማነው?» ይላሉ አንዲት ረጅም ሴትዮ፣ በቁጣ።

«ማንም። የራሴ ጥጋብ ነው» ይላሉ ጋሽ ተገኘ፣ መሬት ላይ እንዳሉ። «ልጂቱማ ተጠንቀቁ ስትል ጉሮሮዋ ደረቀ። ያልሰማኋት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረው ትከሻዬን ይዳብሱኛል። «እግዜር ይስጥሽ፣ የኔ ልጅ።»

ምነው ምድር ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! ኮከብ ታየኛለች። ሁሉም ያዩኛል፤ ሁሉም ጩኸቴን ሰምተዋል። ዝም ብል ማንም እንደማያሳጣኝ ደግሞ አውቃለሁ፣ ጋሼ ራሳቸው ሸፍነውልኛል። ለአፍታ፣ እውነቱን ልናገር፣ ዝም ልል ነበር።

«አይደለም» እላለሁ። ያ ሰልፍ የሚያቆም ድምፄ የት እንደገባ እንጃ፣ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ምን አልሽ?»

«ሊወርዱ ነበር። አይውረዱ፣ እየነዱ ያማትቡ ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ እጃቸውን ከትከሻዬ ላይ ያነሳሉ።

ኮከብ ነጠላ ተቀብላ የጋሽ ተገኘን ክንድ ከደረታቸው ጋር ታስርላቸዋለች። የሰንበቴው ሰዎች ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስድ ባጃጅ ያስቆማሉ። እኔ የተሰነጠቀውን ሄልሜት ታቅፌ ቆሜያለሁ፤ ወዴት እንደማስቀምጠው አላውቅም።

ሊያነሷቸው ሲሉ ጋሽ ተገኘ «ቆይ፣ ቆይማ» ይላሉ። ተቀምጠው ወደ ማርያም በር ይዞራሉ። ቀኝ እጃቸውን ከነጠላው ሊያወጡ ይሞክራሉ፤ አልሆነም፣ ፊታቸው በሕመም ይጨማደዳል። ከዚያ በዓይናቸው እኔን ይፈልጋሉ።

«መሲዬ፣ አሁንማ ወርጃለሁ» ይሉኛል። «እስኪ አንቺ አማትቢልኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ… በምን ዓይኔ?»

«ነይ እንጂ። ሰው እየጠበቀን ነው።»

ጠጠሩ ላይ እንበረከካለሁ። ጓንቴን አወልቃለሁ። ቀኝ እጄን ወደ ግንባራቸው አቀርባለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው «በስመ አብ» ብለው ይጀምሩና፣ እጄ እስኪከተላቸው ድረስ ቆም ብለው ይጠብቁኛል።