የእማማ አስካለ ጉልበት

እማማ አስካለ ቤታቸው ውስጥ ተጠንቅቀው የሚራመዱት ለዶክተር ናሁሠናይ ሲሉ ነው። የታመመው ቀኝ ጉልበታቸው ሆኖ ሳለ እሱ ግራውን ቀደደና ጤነኛውን አበላሸው። ጥፋቱንም አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ በገዛ አፉ ነገራቸው። በዘመኑ ሕግ ደግሞ የተሳሳተ ሐኪም፣ ታካሚው «ምሬሃለሁ» እስኪለው ድረስ የታካሚውን ሕመም በራሱ ገላ አብሮ ይታመማል።

ስለዚህ የደብረ ብርሃን ብርድ ሲበረታ እማማ ጉልበታቸውን በጋቢ ይጠቀልላሉ፤ «ልጁን እንዳይቆረጥመው» እያሉ። ጉልበታቸው ከመቀመጫዋ ዱካ ጋር ከተጋጨ ደግሞ ወዲያው ስልኩ ይጮኻል።

«እማማ፣ ዛሬስ ምን መታዎት?»

«ይቺው ዱካ ናት። አንተስ፣ በጣም አመመህ?»

ምሕረቱን ያዘገዩት ቂም ይዘው አልነበረም፤ ስልኩን ወደውት ነው።

አንድ ቀን ግን ከወትሮው ዘግይቶ ደወለ። «ምንም አይደል፣ እማማ። አራስ ልጄን አቅፌ ነበር፤ ጉልበቴ ሲከዳኝ ለጥቂት ነው ከእጄ ያልወደቀችው።»

እማማ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ምሬሃለሁ፣ ልጄ» አሉት በመጨረሻ።

በማግስቱ ያቺው ዱካ መታቻቸው። ስልኩን አዩት፤ አልጮኸም። ጠብቀው ጠብቀው ራሳቸው ደወሉ።

«ልጄ፣ ጉልበቴን አመመኝ» አሉት። እስከዛሬ ይህን መናገር አላስፈለጋቸውም ነበር።

ናሁሠናይም ያን ቀን ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ሳይጠይቃቸው የቀረውን ጠየቃቸው።

«የቱን ጉልበትዎን ነው፣ እማማ?»