ከማሽን የወጣ መቁረጫ

ጥፍር ሠሪዋ ከጠዋት ጀምሮ እንደጎነበሰች ወገቧ ቁርጥ ብሏል። የምትቀመጠው ደንበኛ ሁሉ የምትጠይቃት ያንኑ ነው።

«መቁረጫው ንጹሕ ነው አይደል የኔ ቆንጆ?»

እሷም ሰማያዊ መብራት የሚያበራውን የጀርም መግደያ ማሽን በደከመ እጇ ከፍታ መቁረጫውን ታወጣለች።

«አታስቢ የኔ እናት፣ አሁን ከማሽን የወጣ ነው።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ነገ የምትሞሸረው ታናሽ እህቷ ቬሎዋን ለክታ እየሳቀች ገባች።

«እትዬ፣ ጥፍሬን ቶሎ ሥሪልኝ!»

ጥፍር ሠሪዋ እጇን ወደ ማሽኑ ሰደደችና መለሰችው። ከቦርሳዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ሌላ መቁረጫ አወጣች።

«ያንቺን መቁረጫ እቤት ቀቅዬ አምጥቻለሁ» አለቻት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ቀና ስትል፣ ተራዋን የምትጠብቀው ሴትዮ ሁለት እጆቿን ብብቷ ሥር ስትሸጉጥ አየቻት።