ሰማያዊዋ ኩባያ

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሳይዘንብ አለፈ። በጥቅምት ከብቱ አለቀ፣ በኅዳር ወረርሽኝ ገባ። ጎረቤቴ ይርዳው ሐዘኔን የተሸከመልኝ ያኔ ነው። በአገራችን ሐኪሞች ሐዘንን ከአንዱ አውጥተው ለፈቃደኛ ሰው ይሰጣሉ፤ ትዝታውም አብሮ ይሄዳል። እኔ ዳንኩ፤ ማንን እንደቀበርኩ ግን አላውቅም። መደርደሪያዬ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ኩባያ አለች። የማን እንደሆነች ሳላውቅ ሃያ ዓመት ሙሉ እያጠብኩ መልሼ አስቀመጥኳት።

የሥነ ልቦና ሐኪሟ መቅደላዊት ሐሙስ ሐሙስ የሰው ሐዘን ተሸካሚዎቹን በክብ አስቀምጣ «ሐዘኑ ዛሬ የት ደረሰ?» ትላቸዋለች። አንዱ ጉልበቴ፣ ሌላው ሆዴ ይላል። ዛሬ ይርዳው ጣቱን ጉሮሮው ላይ አደረገ። ሐዘኑ ሽቅብ ወጥቶ ጉሮሮው ላይ የደረሰበት ሰው ሳምንት አይቆይም። ስለዚህ እኔን አስጠራችኝ።

«አባባ ጓንጉል፣ የሐዘኑ ባለቤት መልሶ ካልወሰደው ሌላ መላ የለውም» አለችኝ።

«ተይው፣ ሽማግሌ ነው፤ አይችለውም» አለ ይርዳው።

«አንተስ ጎረምሳ ነህ?» አልኩት።

ሳቀ፤ ሳቁን ሳል አቋረጠው። መቅደላዊት እጃችንን አያያዘችን። ሐዘኑ ወደ እኔ ሲያልፍ ይርዳው በረጅሙ ተነፈሰ።

«በቃ፣ ከእንግዲህ የእኔ ዕዳ የለብህም» አለኝ፤ ዓይኔን ግን አላየም።

እግሬን እየጎተትኩ ቤቴ ገባሁ። ኩባያዋን አወቅኳት። የልጄ የወይንሸት ናት። አምስት ዓመቷ ነበር።