ሁለተኛው ቡድን

ተመራማሪዋ መጠጥ የሚያዘወትሩ ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለቻቸው። አንደኛው ቡድን በየሳምንቱ ቢሮዋ እየመጣ ይመከራል፤ ሁለተኛው ለማነጻጸሪያ እስከ ሰኔ ሳይመከር ይቆያል።

አንድን የሦስተኛ ዓመት ልጅ ሁለተኛው ደረሰው። አንደኛው የደረሰው የዶርም ጓደኛው፣ "አንተን ዕጣም እንደ ፈተና ጣለህ!" ብሎ ሳቀበት።

መጋቢት ላይ ልጁ በሯን አንኳኳ።

"ቲቸር፣ ብቻዬን ማቆም አቃተኝ። እባክዎ ከነሱ ጋር ያስገቡኝ።"

"ባስገባህ ጥናቱ ይበላሻል" አለችው በለሰለሰ ድምፅ። "ሰኔ ሲደርስ መጀመሪያ የምጠራው አንተን ነው።"

ልጁ አመስግኗት ወጣ።

ጥናቱ ሰመረ። የተመከሩት መጠጥ ቀነሱ፤ ያልተመከሩት ባሰባቸው። ዩኒቨርሲቲው ምክሩ ለሁሉም ተማሪ እንዲሰጥ ወሰነ፤ ውጤቱን ባቀረበችበት ቀን አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበላት። ልጁ ትምህርቱን ጥሎ አገሩ መግባቱን ሰምታለች፤ ቃሏን ግን አልረሳችም። ከመድረክ እንደወረደች ስልኩ ላይ ደወለች።

ያነሱት አባቱ ናቸው። ከበስተኋላቸው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል።

"ቲቸሯ ነዎት? 'ሰኔ ላይ ትመክረኛለች' እያለ ሲጠብቅዎ ነበር። ሰክሮ አስፋልት ሲሻገር መኪና ገጨው። ዛሬ አርባውን እያወጣን ነው።"

ከበስተኋላ ለጠራቸው ሰው "መጣሁ" አሉና ወደ ስልኩ ተመለሱ።

"ሩቅ ካልሆኑ ይምጡ እንጂ፤ ጠላው ግሩም ሆኖ ወጥቷል።"