ሐዲዱ ከተነቀለ በኋላ

የባቡር ሐዲዱ ተነቅሎ መስመሩ የብስክሌት መንገድ ከሆነ አርባ ዓመት አልፎታል። የእሑድ ጠዋት ሽርሽራቸው እዚያ ይሁን ያለችው ኤንካርና ናት፤ ባሏ ኢላሪዮ ግን በወይራ ዛፎቹ መሃል ጥሏት ይከንፋል።

«ነይ እንጂ! ኤሊ እንኳ ይቀድምሻል። የፊተኛው ባልሽ ጥሎሽ ቢጠፋ አይፈረድበትም!»

ኤንካርና ፔዳሏን ረገጠች።

ከድሮው የመስመር ጠባቂ ቤት አንዲት አሮጊት ወጥታ ቀይ ባንዲራ አውለበለበች። «ከመስመሩ ውረዱ! የጠዋቱ ባቡር ደርሷል።»

ኢላሪዮ ከት ብሎ ሳቀ። «የምን ባቡር ነው እማማ? ሐዲዱ ቀልጦ ምስማር ሆኗል እኮ!» ብሏት አለፈ።

ኤንካርና ወርዳ ብስክሌቷን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። እግሯ ሥር ጠጠሩ መዝለል ሲጀምር ባሏን ልትጣራ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። የጋለ ብረት የሚሸት ነፋስ ቀሚሷን እየገረፈ አለፈ።

አቧራው ሲሰክን መንገዱ እስከ ኮረብታው ድረስ ቀጥ ብሎ ታየ። ማንም አልነበረበትም።

አሮጊቷ ባንዲራዋን እየጠቀለለች ወደ ኤንካርና ዞረች።

«የፊተኛው ባልሽ እንኳ፣ ልጄ፣» አለቻት፣ «ዞር ብሎ አይቶሽ ነበር።»