ድጋፍ

የቤት ግብር ገማቾች ሊመጡ ነው ሲባል ሰውዬው ሳቀ።

«እነዚህ ከንቱዎች ግድግዳና ወለል አይተው ነው የሚተምኑት፤ ሌላ ምን ያውቃሉ!» አለና የብሎኬት ቪላውን ዙሪያውን ጭቃ በጭድ አስመረገው። የሴራሚክ ወለሉን በአሮጌ ጆንያ ሸፈነው። ይህም አልበቃው ብሎ ግድግዳውን ሊወድቅ እንደደረሰ ጎጆ በአጣና አስደገፈው።

«አንተ ሰው፣ ጎረቤት ምን ይለናል?» አለችው ሚስቱ።

«ጎረቤት ግብሩን ይክፈል!»

ገማቿ ወጣት ሴት ነበረች። አጣናዎቹን ስታይ ደነገጠች።

«አባባ፣ እዚህ ውስጥ ነው የምትኖሩት?»

«ምን እናድርግ ልጄ? ዛሬ ተደረመሰብን ነገ ተደረመሰብን እያልን ነው የምናድረው።» ድምፁን ሳይቀር አንቀጠቀጠው።

«ከእንዲህ ያለ ቤትስ ግብር አይጠየቅም» አለችና ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወጣች።

ሰውዬው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ደደብ! ተማርኩ ትላለች ደግሞ!» ብሎ ቢራ ከፈተ።

ቢራውን ሳይጨርስ በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ ናት። ከኋላዋ አንድ ሠራተኛ አጥሩ ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ ኤክስ እያሰመረ ነው።

«አይዞዎት አባባ» አለችው፣ ፊቷ በደስታ በርቶ፤ «አለቆቼን ለምኜ አስፈቀድኩ። ሳይደረመስባችሁ ነገ ጠዋት ይፈርስላችኋል።»